«ተገድጄ ነው» ሲባል ሕጉ የሚጠይቀው

«አስገድደውኝ ነው» የሚለው ቃል በፖሊስ ጣቢያም በችሎትም ዘወትር ይሰማል። ሕጉ ግን መገደድን አንድ ወጥ አድርጎ አያየውም። አንዱ ዓይነት ከቅጣት ነጻ ያወጣል፣ ሌላው ቅጣት ያቀልላል፣ ሌላው ደግሞ ለተከሳሹ ምንም አይፈይድም። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በዚሁ ዙሪያ ናቸው። ሌላ ሕግ ካልተጠቀሰ በስተቀር አንቀጾቹ በ1996 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀል ሕግ የተወሰዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ማታ የጫናቸው ሦስት ሰዎች ቢላዋ አንገቱ ላይ አድርገው ወደ አንድ መጋዘን እንዲነዳ አዘዙት። ሁለቱ ወርደው ጥበቃውን አስረው ዕቃ ሲያወጡ ሦስተኛው ከአጠገቡ አልተለየም። ዕቃውን ካራገፉ በኋላ 500 ብር ሰጥተውት «ቤትህን እናውቃለን» ብለውት ሄዱ። እሱም ፈርቶ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ተያዘ፤ አሁን ከእነሱ ጋር በውንብድና ተከሷል። መገደዱ ነጻ አያወጣውም ወይ? (እኅቱ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሊያወጣው ይችላል። ነገር ግን በየትኛው በር እንደሚወጣ ከአሁኑ መለየት አለበት።

አንቀጽ 71 ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው አካላዊ መገደድ ነው፦ በምንም መንገድ ሊቋቋመው በማይችል አካላዊ ኃይል ተገዶ ወንጀል የፈጸመ ሰው አይቀጣም። የሚጠየቀው ያስገደደው ሰው ነው፤ በአንቀጽ 32 መሠረት ሌላውን አስገድዶ ወንጀል የሚያሠራ ሰው ራሱ ዋና ወንጀል አድራጊ ነውና። እጁን ጠምዝዘው ይዘው በሐሰተኛ ውል ላይ አሻራ ያስነኩት ሰው የዚህ ዓይነቱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ሞራላዊ መገደድ ነው። እዚህ ላይ የሚያዘው አካሉ ሳይሆን ፈቃዱ ነው፤ «ይህን ካላደረግክ እንዲህ እናደርግሃለን» ይባላል። በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 180 መሠረት ቅጣቱን በመሰለው ሊያቀልለው ወይም ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል።

«ይችላል» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞራላዊ መገደድ ለዳኛው የተሰጠ ሥልጣን ነው እንጂ ለተከሳሹ የተሰጠ መብት አይደለም። ቅጣቱ ቢቀርም የጥፋተኝነቱ ውሳኔ በመዝገብ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ለሥራም ለጉዞም የሚጠየቀውን ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይነካል። ስለዚህ የወንድምዎ ጠበቃ መከራከር ያለበት በሁለት ደረጃ ነው። ቢላዋ አንገቱ ላይ ያለ፣ እጁ መሪ ላይ የሆነ ሰው ሊቋቋመው የማይችል ኃይል ላይ ነበር ብሎ ነጻ እንዲወጣ ይጠይቃል፤ ይህ ባይያዝለት መገደዱ ሞራላዊ ነው ተብሎ ያለ ቅጣት እንዲታለፍ ይጠይቃል። ስለት አንገት ላይ ማድረግ ከሁለቱ በየትኛው ይመደባል የሚለው ራሱ የሚያከራክር ነጥብ ነው። የመጀመሪያው በር ጠባብ ቢሆንም ሳይንኳኳ መታለፍ የለበትም።

ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ ጉዳዩን ወደ አንቀጽ 72 ለመሳብ ይሞክራል። ይህ አንቀጽ ሊቋቋሙት የሚቻል መገደድን የሚመለከት ነው፦ እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ ይችል የነበረ ሰው በመርሕ ደረጃ ይቀጣል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የማስገደዱን ክብደትና ዓይነት፣ እንዲሁም በአስገዳጁና በተገዳጁ መካከል ያለውን የጉልበት፣ የዕድሜና የጥገኝነት ልዩነት አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል። ስለዚህ በችሎት የሚጠየቀው ከሞላ ጎደል ይታወቃል። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አልነበረም? ሁለቱ ሲወርዱ ለምን አልነዳህም? ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ወይስ አልጠፋም? ቁልፉስ በማን እጅ ነበር? 500 ብሩን ለምን ወሰድክ? ለምንስ ለፖሊስ አላመለከትክም?

እነዚህን አንድ በአንድ አስቀድሞ መመለስ ይገባል። በየትኛው መንገድ እንደሄዱ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ቢላዋው በየትኛው ወገን እንደነበር፣ አጠገቡ የቀረው ሰው ምን ይል እንደነበር በቅደም ተከተል ይጻፍ። አንገቱ ወይም እጁ ላይ የቀረ ጭረት ካለ ሳይሽር በሐኪም ይታይና ማስረጃ ይያዝ። በዚያ ምሽት ቤት ሲገባ ሁኔታውን ያየ ወይም የነገረው ሰው ካለ ምስክር ነው፤ የባጃጅ ተራ ጓደኞቹም እንዲሁ። ብሩ ካለ አሁንም ቢሆን ለመርማሪው ያስረክብና በመዝገብ ይያዝለት። ከወጣ ደግሞ ወጥቷል ይበል እንጂ «አልተቀበልኩም» አይበል፤ አንድ ውሸት ሲገኝ እውነተኛውም ቃል አብሮ ይወድቃል።

ከድርጊቱ በኋላ ዝም ማለቱ በድርጊቱ ጊዜ የነበረውን መገደድ አይሽረውም። ወንጀልን አለማስታወቅ ራሱን ችሎ የሚያስቀጣውም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎችና ሕጉ ለይቶ በጠቀሳቸው ጉዳዮች ነው። ዝምታው የሚጎዳው ተዓማኒነቱን ነው። «ቤትህን እናውቃለን» መባሉ ለዚያ ዝምታ ምክንያት መሆኑ ከመጀመሪያው ቃሉ ጀምሮ ካልተነገረ፣ ከስድስት ወር በኋላ በመከላከያ ሲነሳ ጠበቃ የፈጠረው ይመስላል።

ሁለት የሥነ ሥርዓት ነገሮች እንጨምር። ክሱ ተነቦ የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ብሎ ማቆም አደገኛ ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 132 እስከ 134 ባለው መሠረት፣ የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ገደብ ያመነ ሰው ወዲያው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል፤ በቅድመ ሁኔታ ያመነ ግን እንደካደ ይቆጠርና ማስረጃ ይሰማል። ስለዚህ የሚለው «መንዳቱን ነድቻለሁ፤ በቢላዋ ተገድጄ ነው እንጂ ወንጀሉን አልፈጸምኩም» ነው። ሁለተኛው፣ የመገደድ ክርክር የክስ መቃወሚያ (ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት በክሱ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ) አይደለም፤ ቦታው የመከላከያ ማስረጃ ነው። ሆኖም ዘሩ የሚዘራው ቀደም ብሎ፣ በዐቃቤ ሕግ ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ነው። የታሰረው ጥበቃ ሹፌሩን አይቶት ከነበረ «ከባጃጁ ወርዶ ነበር? ዕቃ ነክቷል? አጠገቡ ሰው ነበር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከከሳሽ ምስክር አፍ የወጣ አንድ «አልወረደም» ከሦስት የመከላከያ ምስክር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ያልተሸጠ ዕቃ እንደተሸጠ አድርጌ ደረሰኝ እንድቆርጥ ያዘኛል፤ እምቢ ካልኩ እንደሚያባርረኝ ነግሮኛል። አንድ ቀን ቢደረስበት «በትእዛዝ ነው» ማለት እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማለት ይችላሉ፤ ነጻ ያወጣዎታል ብለው ግን አይተኙ። በሐሰተኛ ደረሰኝ መገልገል በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሥራ አጣለሁ ብሎ መስጋት ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በሕጉ ዓይን ግን ሊቋቋሙት የሚቻል መገደድ ነው፤ የሚያርፈውም አንቀጽ 72 ላይ ነው። በአሠሪዎ ላይ ያለዎት ጥገኝነት ቅጣት ለማቅለል ይታሰብልዎታል፤ ከዚያ አያልፍም።

የበላይ ትእዛዝን የሚመለከቱት አንቀጽ 73 እና 74 የሚናገሩት ስለ አስተዳደር ወይም ስለ ወታደራዊ የበላይ ነው። የግል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ በዚያ ውስጥ አይገባም። ለመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን ትእዛዝ ጋሻ የሚሆነው በጠባቡ ነው፦ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይቀጣል፤ ከታዘዘው አልፎ ከሄደ ደግሞ ላለፈው ብቻውን ይጠየቃል። የይዞታ ካርታ ላይ የኋላ ቀን ጻፍ የተባለ ባለሙያ ቀኑ ሐሰት መሆኑን አላውቅም ሊል አይችልም።

አሁን ሊያደርጉ የሚገባው ይህ ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብለው በጨዋ ቃል፣ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ሰጪ እዚህ ላይ ያፈገፍጋል። በስልክ የተላከ መልእክት ካለ አይሰርዙ፤ ቀኑንና ሰዓቱን በሚያሳይ መልኩ ያስቀምጡ። ዋና ሰነድ ግን ከቢሮ አያውጡ፤ እሱ ሌላ ክስ ይወልዳል። አሠሪው በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመብዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ይቻላል። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል፤ ቀኑን የማይቆጥር ሰው ይጎዳል። ለመጠቆም ከወሰኑ ደግሞ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ጥበቃው ግን ለሁሉም ጉዳይ የሚሰጥ ስላልሆነ ጥያቄው አስቀድሞ ይቅረብ። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያውን ደረሰኝ አይቁረጡ። አንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ሁለተኛውን የሚቆርጠው በማባረር ዛቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ደረሰኝ እየተያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሌሊት ምጥ ይዟት ደም ሲፈሳት የሚነዳ ሰው አጣን። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ግን መንዳት ስለምችል የባሏን መኪና አስነስቼ ሐኪም ቤት አደረስኳት። በመንገድ ላይ የሰው አጥር ነክቻለሁ። ያለ መንጃ ፈቃድ በመንዳት ተጠየቅኩ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እርስዎን ያስገደደዎ ሰው ሳይሆን ሁኔታው ነው፤ ለዚህ አንቀጽ 75 አለ። የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከቀረበና ከከባድ አደጋ ለማዳን የተደረገ ድርጊት አይቀጣም፤ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ከነበረና የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ከሆነ። የሚያስፈልግዎ ማስረጃ የሐኪም ቤቱ የመግቢያ ሰዓትና የታከመችበት ሁኔታ የተጻፈበት ወረቀት፣ አምቡላንስ ለመጥራት የተደወለበት የስልክ ዝርዝር፣ እንዲሁም የሚነዳ ሰው ያጡበትን ሁኔታ ያዩ ጎረቤቶች ናቸው። ሲመለሱም እርስዎ ራስዎ ነድተው ከነበረ ያኛው መንገድ በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም፤ አደጋው አልፏልና። የአጥሩ ካሳ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ከቅጣት ነጻ መሆን ከካሳ ነጻ አያደርግም። ከባለ አጥሩ ጋር በሽማግሌ ቢጨርሱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። «እሱን ካልገደልከው አንተን እንገድልሃለን» ተብሎ የገደለ ሰው በእኛ ሕግ ምን ይሆናል? መምህራችን በሌሎች አገሮች ይህ መከላከያ ለግድያ አይሠራም ብለውናል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርዎ ያሉት እውነት ነው፤ የእኛ ሕግ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። በእንግሊዝ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በሃው ጉዳይ መገደድ ለግድያ መከላከያ እንደማይሆን ወስኗል። ሐሳቡ፣ የራስን ነፍስ ለማትረፍ የንጹሕን ነፍስ መምረጥ አይፈቀድም የሚል ነው። አንቀጽ 71 ግን ግድያን ለይቶ አላስወጣም። ይህ አቋም የመጣው በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፤ ያን ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ስለነበሩ የአውሮፓን የተጻፈ ሕግ ልማድ ተከትሏል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሞት ተገዶ የገደለ ሰው ጉዳዩ ይሰማለታል፤ ዳኛው ቅጣቱን በመሰለው ከማቅለል ጀምሮ ያለ ቅጣት እስከ ማለፍ ሥልጣን አለው።

ይህን ክርክር በጥልቀት ለማየት የኤርዴሞቪችን ጉዳይ ያንብቡ። ድራዘን ኤርዴሞቪች በቦስኒያ ሰርብ ጦር ውስጥ ያገለገለ ወጣት ነበር፤ በሐምሌ ወር 1995 እ.ኤ.አ. ከስሬብሬኒጻ የመጡ እስረኞችን እንዲረሽን ታዘዘ። እምቢ ሲል ካዘነላቸው ከእነሱ ጋር እንዲሰለፍ እንደተነገረው ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት በጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. 3 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ንጹሐንን ለገደለ ወታደር መገደድ ቅጣት ያቀልላል እንጂ ሙሉ መከላከያ አይሆንም አለ። መጀመሪያ የተፈረደበት 10 ዓመት ነበር፤ በመጨረሻ 5 ዓመት ሆነ። ዳኛ አንቶኒዮ ካሴሴ በልዩነት የጻፉት ሐሳብ ለእኛ ተማሪ በጣም ይጠቅማል፦ ሰውየው ቢሞትም ባይሞትም ሟቾቹ የማይተርፉ ከሆነ፣ ሕጉ ከእሱ የሚጠብቀው ሰማዕትነት ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በኋላ የወጣው፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በአንቀጽ 31 መገደድን ግድያን ሳይለይ ተቀብሏል፤ ኢትዮጵያ ግን የዚያ ስምምነት አባል አይደለችም።

በፈተና ላይ አንድ ነገር አይርሱ፦ መገደድን ከሕጋዊ መከላከል አያምታቱ። በአንቀጽ 78 የሚመቱት አጥቂውን ነው። በአንቀጽ 71 የሚጎዳው ምንም ያላጠፋ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ክርክሩ የከበደውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቋል። አገር ቤት ሳለ የታጠቁ ሰዎች መሣሪያ ደቅነው እህልና ገንዘብ ወስደውበታል። ይህን በማመልከቻው ላይ መጻፉ ይጎዳዋል ተባለ። መገደዱ አይታይለትም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይህ የወንጀል ክስ አይደለም፤ ግን ያው የመገደድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንንም ይነካል። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በአሸባሪነት ለሚፈረጅ ቡድን «ቁሳዊ ድጋፍ» የሰጠ ሰው ጥገኝነት ይከለከላል። ትንሽ እህልም፣ ትንሽ ገንዘብም ድጋፍ ሊባል ይችላል፤ ቡድኑም የግድ በአሜሪካ መንግሥት ዝርዝር ላይ ስሙ የሰፈረ መሆን የለበትም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤም-ኤች-ዜድ በሚባለው ጉዳይ፣ ሕጉ ለተገደደ ሰው በውስጡ የተጻፈ ልዩ ሁኔታ እንደሌለው ወስኗል። የሚቀረው መንገድ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር በፈቃዱ የሚሰጠው ምሕረት ነው፤ ለተገደዱ ሰዎች ይህ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘርግቷል። የሚሰጠው ሚኒስቴሩ እንጂ የኢሚግሬሽን ዳኛው አይደለም።

ስለዚህ መደበቅ አይጠቅምም፤ ተደብቆ የተገኘ ነገር ተዓማኒነቱን ይገድለዋል። የሚጠቅመው የመገደዱ ዝርዝር ነው፦ ስንት ሆነው መጡ፣ ምን መሣሪያ ያዙ፣ ምን አሉ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ወሰዱ፣ እምቢ ያለ ጎረቤት ምን ደረሰበት፣ ለምን መሸሽ አልቻለም። «ረዳኋቸው» ወይም «አዋጣሁ» የሚለውን የአማርኛ ቃል አስተርጓሚው እንዴት እንደሚያስተላልፈው ጠበቃው አስቀድሞ ያጣራ። በእኛ ቋንቋ ተገዶ የከፈለም «አዋጣሁ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን ወዶ የሰጠ ያስመስለዋል።

በአሜሪካ በወንጀል ክስም ቢሆን መገደድን ማንሳት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲክሰን ጉዳይ፣ በጓደኛዋ ተገድጄ ነው መሣሪያ የገዛሁት ያለች ሴት መገደዷን የማስረዳት ሸክሙ በራሷ ላይ እንደሆነ ወስኗል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በምርመራ ላይ ተደብድቦ ቃል ሰጥቷል። ይህም «መገደድ» ተብሎ በወንጀል ሕጉ ይታያል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይህ ሌላ ነው። ከላይ ያየነው ወንጀል ለመፈጸም መገደድን ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ቃል ለመስጠት መገደድን የሚመለከት ነው፤ የሚገዛውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ነው። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም፤ እዚህ ላይ «ይችላል» የሚል ቃል የለም። ያሠቃየው ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል።

የሚወስነው ጊዜ ነው። የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚያ የመጀመሪያ ቀጠሮ «ተመትቻለሁ፤ ሐኪም ይየኝ፤ አቤቱታዬም በመዝገብ ይጻፍልኝ» ይበል። የተመታበትን ቦታ ለዳኛው ያሳይ፤ ዳኛው ያየውንም እንዲያስመዘግብ ይጠይቅ። እርስዎም ልብስ ሲያደርሱለት የሚመልሰው ልብስ ደም ካለበት አይጠቡት፤ በወረቀት ጠቅልለው፣ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ፖሊስ ቃሉን በፍርድ ቤት ሊያስመዘግብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት ካቀረበው፣ ዳኛው በፈቃዱ መሆኑን የሚጠይቀው እዚያ ነው። ፈርቶ «በፈቃዴ ነው» ካለ በኋላ ማስተባበል በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ጠበቃ እንዲያገኘው ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ አቅም ከሌለ ጥያቄው ለችሎቱ ይቅረብ፤ ፍትሕ እንዳይጓደል በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ላይ ደንግጓል።